ለአቂቃ የታሰረው በግ

ዓርብ፣ የካቲት 28 ቀን 2017

ልጄ ሰዓዳ ዛሬ 2 ኪሎ ከ900 ግራም መዘነች። ስትወለድ 3 ኪሎ ከ100 ነበረች። ከተወለደች ሁለት ሳምንት ሆናት።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ጽናት ሁለት ጊዜ መዘነቻት። ጨርቋን አውልቄ ድጋሚ እንድትመዘን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ ጥራት ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሚዛን ሲሳሳት አውቃለሁ። አልተሳሳተም።

«የምትበይው ምንድን ነው?» አለችኝ።

አማቴ ቀድመውኝ መለሱ። «ምን የማትበላው አለ እናቴ! ጠዋት ገንፎ፣ ረፋድ ላይ አጥሚት፣ ቀን ገንፎ፣ ማታ የዶሮ ሾርባ። እኛ ጾመኞች ሆነን ለሷ ምድጃው ጠፍቶ አያውቅም። ወላሂ!»

«ትጨርሺዋለሽ?»

«ሳህኑ ባዶ ነው የሚመለሰው» አልኳት።

የምበላውን በየሰዓቱ እየጻፍኩ በሳምንቱ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ለሷ የማሳየው ሌላ ወረቀት ነው። ይህ ደብተር የራሴ ነው። የፊተኞቹ ገጾች ላይ የስንዴ እርጥበት ተመዝግቦባቸዋል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

1 ሰዓት፣ ገንፎ። ሳህኑ ባዶ ተመለሰ።
4 ሰዓት፣ አጥሚት፣ አንድ ኩባያ። ባዶ።
7 ሰዓት፣ ገንፎ። ባዶ።

እኔ 71 ነጥብ 4 ኪሎ። ሚዛኔን ከኮምቦልቻ ይዤው መጥቻለሁ፤ አልጋው ሥር ነው።

ታለቅሳለች። ልነሣ።

እሑድ፣ የካቲት 30

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቤቱ ሁሉ በጾም ደክሞ ተኝቷል። ጊዜ ያገኘሁት ዛሬ ነው።

እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት ባትሞት ቢስቲማ፣ እሷ ቤት ነበር የምታረሰው። ስለሌለች ባሌ ሙንዚር ከኮምቦልቻ አምጥቶ ለእናቱ አስረከበኝ። እሱ ሥራው እዚያ ነው፤ በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ለአፍጥር ይደርሳል፣ ጠዋት ይወርዳል። እኔ አርባ ቀኔ እስኪሞላ፣ ለጤና ጣቢያ ካልሆነ በቀር፣ ከዚህ ከሸዋበር ሰፈር ቤት አልወጣም።

ክፍሌ አንድ መስኮት አለው፤ ወደ ጓሮ ይከፈታል። ከመስኮቱ ሥር ለሰዓዳ አቂቃ፣ መወለዷን ለማመስገን የሚታረደው በግ ታስሯል። በሰባተኛ ቀኗ መታረድ ነበረበት። ረመዳን በማግሥቱ ስለሚገባ የሙንዚር አጎት ጋሽ አብዱልወሀብ «ሰው ተረጋግቶ ይብላ፣ ለዒድ ይሁን» አሉ። ስለዚህ በጉ እየተቀለበ ይጠብቃል። እኔም እየተቀለብኩ እጠብቃለሁ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ሁለታችንንም ዳብሶ አይቶ ይሄዳል። በጉ አይሰማውም።

ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ አትጠገብ መጡ። ገና ሳይቀመጡ ክንዴን በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡ።

«ወይ ጉድ! አራስ ማለት እንዲህ ነው። ጉንጯ ሊፈነዳ ነው እኮ!» ከዚያ ወደ አማቴ ዞሩ። «መዲና፣ እኔንም እንዲህ ቀልቢኝ እንጂ። ሁዳዴ አጥንቴን አወጣው።»

«ውለጂና ነዪ!» አሉ አማቴ።

ሁለቱም ስድሳ አልፏቸዋል። እየተደጋገፉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሲወጡ ጥርሴን ነክሼ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ጣቴ አብጧል።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ «በሞቴ» ተብያለሁ። ቆጠርኩት። በሞቴ አንድ ጉርሻ። በሞቴ ይቺን ብቻ። ሰው በሞቱ እየማለ በሚያጎርስበት ቤት «ጠገብኩ» ማለት መግደል ነው። አንድ ነገር ብቻ ደግ ነው፤ አራስ ስትበላ ዓይን እንዳይገባባት ብለው ሳህኑን አስቀምጠው፣ በሩን ዘግተው ይወጣሉ። እስኪመለሱ ግማሽ ሰዓት አለኝ።

ደግሞ ያንን የስልክ ወሬ እጽፋለሁ። በረመዳን በሁለተኛው ቀን ሙንዚር ጓሮ ቆሞ ከሥራ ባልደረባው ጋር በስልክ ሲያወራ መስኮቱ ክፍት ነበር። «አልጋው ጠቦናል ባክህ!» አለና ሳቀ። ጓደኛውም ሲስቅ ተሰማኝ።

ሙንዚር ሲያገባኝ 64 ኪሎ ነበርኩ። ከቢስቲማ ኮምቦልቻ ስገባ ግን 92 ነበርኩ። ያቺን ሴት አያውቃትም። ፎቶዎቿን አቃጥያቸዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ወደ ሰሌዳ ስወጣ ልጆቹ መሬት የተናወጠ ይመስል ዴስካቸውን ይይዙ ነበር። መምህሩም ይስቅ ነበር። ያቺ ልጅ በእያንዳንዱ ገንፎ መሐል ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

ይበቃል። አማቴ ተነሥተዋል። ድስት ሲንኳኳ ይሰማኛል። በጾም አንደበታቸው ደርቆ ሊያገነፉልኝ ነው። ማን ለምኗቸው?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ገንፎ፣ አጥሚት፣ ገንፎ። ሁሉም ባዶ ተመልሷል።
70 ነጥብ 9።
ጡቴን ትይዝና ትተወዋለች። ትይዝና ትተወዋለች። ከዚያ ታለቅሳለች።
በጉ ድምፄን ለይቷል። መስኮቱን ስከፍት ይነሣል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሙንዚር ዛሬ ከአፍጥር በኋላ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ክፍሌ ገባ።

«እናቴ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ነው የምታገነፋልሽ። ጾመኛ ናት። ምናለ አንድ ቀን ብታመሰግኛት?»

«ባዶ ሳህን ከመመለስ የበለጠ ምን ምስጋና አለ?»

«ታዲያ ልጅቷ ለምን ከሳች?»

«አልጋው ጠቧት ይሆናል» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። እንደሰማሁት ገባው መሰለኝ። ይቅርታ አልጠየቀም። ሳምቡሳውን የአልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አልበላሁትም። በጉም ሳምቡሳ ይወዳል።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

2 ኪሎ ከ920። በሰባት ቀን ሃያ ግራም።

ሲስተር ጽናት ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበበች። አማቴን ካርዱን ማኅተም እንዲያስመቱ ላከቻቸውና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው» አለች። «ልጅቷ ግን ወረቀቱን አላነበበችውም። እህል ያስጠላሻል?»

«አያስጠላኝም።»

«ትፈሪዋለሽ?»

ምን አገባት? ከኔ በዕድሜ ታንሳለች። ቀጭን ናት። ሁዳዴ እየጾመች እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሳትበላ ቆማ ትውላለች፤ ለሷ ቀላል ነው።

የመጨረሻውን ቀን ነገረችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ታያታለች። መጋቢት 19 ሰዓዳ 3 ኪሎ ከ200 ካልደረሰች ወደ ሆስፒታል ትልካታለች። ትተኛለች። በእጇ ላይ መርፌ፣ ምናልባትም በአፍንጫዋ ቱቦ።

ባጃጅ ውስጥ አማቴ «አብሽሪ፣ ከዛሬ ጀምሮ ገንፎውን አራት ጊዜ አደርገዋለሁ» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

አራት ጊዜ ተደረገ። አራቱም ባዶ ተመለሱ።
70 ነጥብ 2።

ጋሽ አብዱልወሀብ መጥተው በጉን ዳበሱት። ከመስኮቱ ውስጥ ሆኜ ሰማኋቸው። «ይህ በግ ምን ነክቶታል? ገለባ እየበላ እንዲህ ያለ ላት?»

«የቤቱ በረካ ነው» አሉ አማቴ።

መስኮቱን ዘጋሁት።

በሁሉም ተናድጃለሁ። ክንዴን በቆነጠጡት በእትዬ አትጠገብ። በአልጋው። በሲስተር ጽናት ጥያቄ። በአማቴ ማማሰያ። ሰዓዳ ስታለቅስ በሷም ተናደድኩ፤ «ምን አድርጊ ነው የምትይኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። የሃያ ሁለት ቀን ልጅ ላይ። ፀጥ አለች። ካለቀሰችው የበለጠ የከበደኝ ዝምታዋ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

በጉ ታረደ።

ረፋዱ ላይ መጮህ ጀመረ። ሆዱ በግራ በኩል እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ይተኛል፣ ይነሣል፣ እግሩን ይመታል። አማቴ ጋሽ አብዱልወሀብን አስጠሩ። መጥተው ሆዱን በጣታቸው መቱት።

«ይሞታል። ሳይሞት ቢላ አምጡ። ከሞተ ሐራም ነው።»

አቂቃዋ እንዲሆን ነይተው፣ ቢስሚላህ ብለው አረዱት። የልጄ አቂቃ እንዲህ በጥድፊያ፣ በጾም እኩለ ቀን፣ ከመስኮቴ ሥር ሆነ። ጩኸቱን የሰሙት እትዬ አትጠገብም መጥተው ቆመዋል። ጋሽ አብዱልወሀብ ጨጓራውን ሲቀዱት ነጭ ሊጥ የመሰለ ነገር ተዘረገፈ። ቅቤ ይፈስበታል። በርበሬ ይታያል።

«ይሄ ገንፎ ነው እኮ!» አሉ። «ማነው ለበግ ገንፎ የሚያበላ? በዚህ ኑሮ! በቅቤ!»

አማቴ የበጉን አፍ አዩ። ጢሙ ላይ የደረቀ ቅቤ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ። እኔ ሰዓዳን ይዤ ቆሜያለሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ከአራስ የተረፈውን፣ ይባክናል ብዬ።»

«መዲና! ጾሙ አእምሮሽን ወሰደው?» አሉ ጋሽ አብዱልወሀብ።

«ወሰደው እንግዲህ። ምን ይደረግ?»

እትዬ አትጠገብ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሥጋው ለአፍጥር ለሚስኪኖች ተከፋፈለ። ወደ ክፍሌ ማንም አልመጣም። ገንፎም አልመጣም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ አማቴ ገቡ። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። በሩን ዘግተው መሬት ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እጾማለሁ» አሉ። «በረመዳን ዋሽቼ አላውቅም። ትናንት ዋሸሁ።»

«ማን ዋሹ አለዎት?» አልኳቸው። ድምፄ ክፉ ነበር። ከጻፍኩ አይቀር እንዳለ ልጻፈው።

«እና ምን ልበል? ምራቴ የልጇን ጉሮሮ ለበግ ሰጠች ልበል? በጉ ወተት ይሰጣታል?»

ሰዓዳን ከጭኔ ላይ ወስደው በክንዳቸው መዘኗት፤ እንዲህ ከፍ ዝቅ አድርገው። ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ባቀፏት ቁጥር እንዲህ ያደርጋሉ።

«ከሙንዚር በፊት አንድ ነበረኝ» አሉ። «ዘይኑልአቢዲን። በሰባ ሰባት፣ ሐርቡ፣ መንገድ ዳር። ጡቴ ደረቀ። የሚበላ ያለው ሰው አልነበረም እንጂ ቢኖር ያበላኝ ነበር። በአርባ ስምንት ቀኑ ሄደ። ሚዛን አልነበረኝም። ክንዴ ግን ያውቅ ነበር። ይቺም ስትቀል ክንዴ ነግሮኛል። እና ምን ላድርግ? ገንፎ ጨመርኩ።»

ሙንዚር ታላቅ ወንድም እንደነበረው አላውቅም ነበር። እሱ ራሱ ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ማልቀስ ነበረብኝ። የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። ስለዚህ የሆነውን ልጻፍ። «እማማ፣ የሱን ሞት በኔ ሳህን ላይ አይጫኑብኝ!» አልኳቸው። «እኔ እህል አጥቼ አይደለም። እህል ሳይ የሰው ሁሉ ድምፅ ይሰማኛል። ጉንጯ፣ ክንዷ፣ አልጋው! አንድ ማንኪያ ስውጥ ያቺ ዘጠና ሁለት ኪሎ የነበረችው ልጅ ትመለሳለች። እሷ ከምትመለስ...» ጨርሼ አልተናገርኩትም። ሰዓዳ በመካከላችን ነበረች።

«ዘጠና ሁለት ኪሎ?» አሉ አማቴ። «አንቺ?»

«እኔ።»

«ማሻ አላህ» አሉ። ሳይቀልዱ። ከልባቸው። ለሳቸው ዘጠና ሁለት ኪሎ ማለት ያልተራበ ሰው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሳቅሁ ይሁን አለቀስኩ አላውቅም።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

3 ኪሎ ከ010። በሳምንት ዘጠና ግራም።

ወረቀቴን ለሲስተር ጽናት አልሰጠኋትም። እፊቷ ቀደድኩት። በጉን ነገርኳት። አልደነገጠችም። ይህም አናደደኝ፤ ትንሽ ብትደነግጥ ምናለ?

«በጉን ገና ትሰሚያለሽ፤ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም» አለችኝ። «ሳህን ሲመጣ መስኮት ያምርሻል። ብቻሽን አትብዪ። ራስሽን አትመዝኚ። ሲርብሽ ብዪ፣ ሲበቃሽ ‹በቃኝ› በዪ፤ አንቺም ሌላውም ያንን ቃል ይመን።» አማቴን ደግሞ «እናቴ፣ ይጠይቋት እንጂ አይቀልቧት» አለቻቸው።

«ጠግባ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ስትነግርዎ።»

«ብትዋሸኝስ?»

ሲስተር ወደኔ ተመለከተች። አማቴም ተመለከቱ። ጥያቄው የኔ ነው ማለት ነው።

ዘጠናው ግራም አይበቃም። 3 ኪሎ ከ200 ያው ነው። ቀኑም ያው ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

«ምን ያምርሻል?» አሉኝ ጠዋት።

አልጋው ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት አሰብኩ። ለዘጠኝ ዓመት ስንት ግራም እንደሆነ እንጂ ምን እንደሚያምረኝ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«ሽሮ» አልኳቸው ረፋድ ላይ። «ቅቤ የሌለው። ፈላ ያለ።»

«ሽሮ! አራስ ሽሮ በላች ቢባል ሸዋበር ምን ይለኛል?»

«ለሸዋበር አይንገሩ።»

አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። ሽሮው መጣ። ከጎኔ ተቀመጡ፤ ዓይን ይግባ አይግባ አላሉም። ጾመኛ ናቸው፤ ሽታው እየደረሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሰዓዳን ያባብሉ ነበር። አንድ እንጀራ በልቼ «በቃኝ» አልኩ። «በሞ...» አሉና ተውት።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ዛሬ ከክፍሌ ወጥቼ ከሁሉም ጋር አፈጠርኩ። መጾም አራስን አይመለከታትም፤ ትሪው ግን ይመለከታታል አሉ አማቴ። አዛኑን ጠብቄ ተምር ወሰድኩ። ሾርባ። ከሳምቡሳው ሁለት።

እትዬ አትጠገብ ጎራ ብለው ነበር። ደጃፍ ላይ እንደቆሙ «እሰይ! ደግሞ ወዟ...» ብለው ጀመሩ።

«አትጠገብ» አሉ አማቴ፣ ከትሪው ቀና ሳይሉ፣ «አንቺ የሁዳዴሽን ቀን ቁጠሪ። የሷን ሰውነት ተዪው።»

«ኧረ ምን አልኩ?»

«ገና ልትዪ ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። እትዬ አትጠገብም ሳቁ። ከኔ በላይ የሳቀ አልነበረም።

ሰዉ ሲሄድ ሙንዚርን አስቀመጥኩት። የ92 ኪሎዋን ሴት ነገርኩት። የተቃጠሉትን ፎቶዎች።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«አልጋው ጠበበን ስላልክ።»

«ለመሳቅ ያህል ነው እኮ ፈትሂያ። ወላሂ ለመሳቅ።»

«ሳቅህ እኔን አስራበኝ። እኔ ደግሞ ልጅህን።»

ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። አላባበልኩትም። አሁንም አልበረደልኝም። ይበርድልኝ እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ቀን ላይ አማቴ ቅንጬ አስቀምጠውልኝ ወደ ሶላት ሄዱ። ግማሹን በላሁ። ከዚያ ሳላስበው ተነሥቼ፣ ሳህኑን ይዤ፣ መስኮቱን ከፈትኩ።

ችካሉ ብቻ ነበር። ገመዱ መሬት ላይ ተጥሏል።

እጄ ውስጥ ያለውን ሳህን እያየሁ ቆምኩ። ከዚያ መስኮቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የቀረውን ጨረስኩት አልልም። ሁለት ማንኪያ ቀርቷል። ሳህኑ ሁለት ማንኪያ እንደያዘ ተመለሰ፤ ባዶ ሳይሆን። አማቴ አዩት፣ አጠቡት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

አልጋ ሥር ሲጠርጉ ሚዛኑን አገኙት። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ፤ ነገርኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ወጡበት።

«ስንት አለ?»

«አርባ ስድስት።»

«ማነሱ ነው ወይስ መብዛቱ?»

በዚህ ሚዛን ላይ ለዓመታት ስወጣ አንድ ቀን እንኳ «አነሰ» ብዬ አዝኜ አላውቅም። እሳቸው ግን ትንሽ ቁጥር እንዳይሆን ፈርተው ነው የጠየቁኝ።

«ትንሽ ነው እማማ» አልኳቸው። «በሌሊቱ ሱሁር ላይ ጨመር አድርገው ይብሉ።»

«አንቺ ደግሞ!» አሉ። ግን ደስ አላቸው። ሚዛኑን ራሳቸው ወስደው ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀሉት። ቁመቴ አይደርስበትም። ወንበር ግን አለ። ወንበር መኖሩን አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ጠዋት ቅንጬ። ረፋድ ሻይ በዳቦ። ቀን ሽሮ፣ አንድ እንጀራ ተኩል። አሥር ሰዓት ላይ ራበኝ፤ «ራበኝ» አልኩ። በጾመኛ ቤት፣ ጮክ ብዬ። አማቴ ከመሶቡ አጠገብ ነበሩ፤ ቆርሰው ሰጡኝ። በአዋዜ ብቻ።

ሰዓዳ ዛሬ ሰባት ጊዜ ጠብታለች። ሦስት ጊዜ ጡቴን ሳትተወው እንቅልፍ ወስዷታል። የከበደችኝ ይመስለኛል፤ ክንዴ ግን ይሳሳታል፣ ስምንት ዓመት በሚዛን የሠራሁ ነኝ። አማቴን ከፍ ዝቅ አድርገው እንዲመዝኗት ጠየቅኳቸው። አደረጉ። ምን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«ነገ ይናገር ሚዛኑ» አሉ። «ክንዴን አንድ ጊዜ አምኜ ነበር፤ እውነቱን ነግሮኛል። ዛሬ አልጠይቀውም።»

በሰባት ቀን 190 ግራም መጨመር አለባት። አልፈን እንደሆነ ዒድን ሸዋበር፣ ከትሪው ዙሪያ እናደርጋለን። ካላለፍን ከሷ ጋር ሆስፒታል እገባለሁ። ሻንጣው ተዘጋጅቷል። ሙንዚር ነገ ኮምቦልቻ አይወርድም። አማቴ ሻንጣው ውስጥ የሰዓዳን ልብስ፣ ፎጣ፣ ሁለት ማንኪያና ሁለት ሳህን ከተዋል። ሁለተኛው ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ብቻሽን አትብዪ አላለችሽም?» አሉኝ።

ነገ፣ ዓርብ መጋቢት 19፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።